ፊዚክስ ይዛ የመጣች አመልካች፣ ጄኔራል ሳይንስ የጎደለበት ትምህርት ቤት፦ የመጀመሪያ የመምህርነት ቅጥር ጉዳይ ከጅማ

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ነሐሴ ሲገባ ጅማ ውስጥ ሁለት ዓይነት እሮሮ ጎን ለጎን ይሰማል። አዲስ ተመራቂዎች ማህደር ታቅፈው ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ይዞራሉ፣ የሚቀጥረን አጣን ይላሉ። የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሳይንስ መምህር አጣን ይላሉ። ሁለቱም አይዋሹም። ሳይገናኙ የሚተላለፉት አመልካቹ «ምን አውቃለሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ ቀጣሪው «ሰኞ የትኛው ክፍል ላስገባው» ብሎ ስለሚያነብ ነው። ከታች የቀረበው ጉዳይ ይህ ልዩነት እንዴት እንደሚፈጠርና በምን እንደሚጠብ ያሳያል።

መረጃው የተሰበሰበው ከአመልካቿ፣ ካልቀጠሯት ትምህርት ቤቶች ከአንዱ ምክትል ርዕሰ መምህር እና ከቀጠራት ትምህርት ቤት የሳይንስ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነው። የሰውም የትምህርት ቤትም ስም አልተጠቀሰም።

## ዳራ

አመልካቿ በ2017 ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቀች። ዲግሪዋ የመምህርነት ሳይሆን የሳይንስ ነው፤ የማስተማር ሥነ ዘዴ ኮርስም ሆነ የትምህርት ቤት ልምምድ አልወሰደችም። ከ2015 ጀምሮ ለተመራቂዎች ሁሉ ግዴታ የሆነውን፣ ማለፊያው 50 የሆነውን የመውጫ ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ አልፋለች። ወላጆቿ ሄርማታ አካባቢ ይኖራሉ። ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው። አፋን ኦሮሞ በሰፈርና በገበያ ትግባባበታለች፣ በቁቤ ግን ስትጽፍ ትቸገራለች።

መጀመሪያ ያሰበችው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። የቅጥር ማስታወቂያው፣ እዚያው በሚጠራበት ስም «ቤክሲሳ»፣ የሚወጣው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፣ የመመዝገቢያው ጊዜም ጥቂት ቀን ብቻ ነው። እሷ ያየችው ሰው በቴሌግራም የላከላትን ደብዛዛ ፎቶ ነበር። ቁጥሩንና ቀኑን አነበበች፣ የተፈላጊ ችሎታውን መስመር ዘለለችው። ለምዝገባ ስትቀርብ የተጠየቀው የመምህርነት ሙያ ሥልጠና መሆኑን አወቀች። ከድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ውጭ በዚያ መስመር መግባት እንደማትችል ተነግሯት ተመለሰች። ፊቷን ወደ ግል ትምህርት ቤቶች ያዞረችው ከዚያ በኋላ ነው።

## የመጀመሪያው ዙር፦ አስራ አንድ ማመልከቻ

በነሐሴ አስራ አንድ የግል ትምህርት ቤቶች ጋ አመለከተች። ማመልከቻው ለሁሉም አንድ ነበር፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና በፊዚክስ መመረቋን፣ ታታሪ መሆኗን፣ በቡድን መሥራት መቻሏን ይናገራል። ከጊዜያዊ ዲግሪዋና ከስቱደንት ኮፒዋ ፎቶ ኮፒ ጋር ለጥበቃ ሰጥታ ትመለሳለች። ጥበቃው ዘንድ የቀረ ማመልከቻ ስንቱ ቢሮ እንደደረሰ መገመት ይከብዳል፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ግን የጅማ የነሐሴ ዝናብ ያራሰውን ወረቀት ማንም እንደማይገልጠው በግልጽ ነግሮናል። ባለ ሃያ ብር የላስቲክ ማህደር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

የደረሰው ማመልከቻም አልሠራም። ምክንያቱን ለመረዳት የእነዚህን ትምህርት ቤቶች የፔሬድ ድልድል ማየት ያስፈልጋል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ አይሰጡም፤ ጄኔራል ሳይንስ በሚባል አንድ ትምህርት ተጠቃለዋል። ፊዚክስ ራሱን ችሎ የሚጀምረው ከ9ኛ ክፍል ነው። ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ደግሞ 9ኛና ከዚያ በላይ ያለው ሴክሽኑ ጥቂት ስለሆነ፣ ያንን የፊዚክስ ፔሬድ ለዓመታት የቆየ መምህር ይዞታል። ለአዲስ ሰው የሚከፈተው ቦታ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ 7ኛና 8ኛ ክፍል ጄኔራል ሳይንስ ነው። የእሷ ማመልከቻ ግን «ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ፊዚክስ» ይል ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሦስት ሰከንድ ውስጥ «ፊዚክስ ሞልቷል» ብሎ ወደ ጎን አደረገው። በዚያው ሳምንት ለጄኔራል ሳይንስ ሰው እየፈለገ ነበር።

ሌላም የተተወ ነገር ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለች በእረፍት ጊዜዋ ለሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ቤታቸው ሄዳ ታስጠና ነበር፤ ሲቪዋ ላይ ግን አልጻፈችውም። «ሥራ አይደለም ብዬ ነው» የሚል መልስ ሰጥታለች። ልምድ የሌለው ሰው ሲቪ ላይ ከክፍል ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ መስመር ያ ነበር።

ከአስራ አንዱ አንዱ ጠራት። በዚያ ዴሞ፣ ማለትም ገምጋሚዎች ፊት በሚሰጥ የሙከራ ትምህርት፣ የሆነው ለብቻው መነገር አለበት።

## የመጀመሪያው ዴሞ

የተሰጣት 15 ደቂቃና የፈለገችውን ርዕስ የመምረጥ ነጻነት ነበር። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ መረጠች። ገምጋሚዎቹ አምስት መምህራን ሲሆኑ ተማሪ ሆነው ተቀመጡ። ገብታ ሰላምታ ሰጠች፣ ርዕስ ጻፈች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ከሰሌዳው ግራ ጫፍ ጀምራ ቀመሩን ከሞመንተም ለውጥ እያወጣች ወደ ቀኝ ሄደች፤ ቦታ ሲያልቅባት የጻፈችውን በመዳፏ አጥፍታ እዚያው ላይ ቀጠለች። አንዱ ገምጋሚ ሆን ብሎ ከጎኑ ካለው ጋር ጮክ ብሎ አወራ። አልዞረችም። 15 ደቂቃው ሲያልቅ ስሌቱ ትክክል ነበር፣ አንድም ጥያቄ ግን አልጠየቀችም።

የገምጋሚዎቹ ማስታወሻ እንደተነገረን ሦስት ነገር ይዟል፦ ጀርባ ለተማሪ፣ ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ በላይ የሆነ ይዘት፣ ተማሪ ሊገለብጠው የማይችል ሰሌዳ። የእውቀት ጉድለት የሚል የለበትም። አዲስ ተመራቂዎች ዴሞ ላይ የሚወድቁት ባለማወቅ ነው የሚለው ግምት በዚህ ጉዳይ አይሠራም፤ ከሰማነው ተነስተን ስንፈርድ በብዙዎቹም አይሠራም። ዩኒቨርሲቲ የለመዱትን የሌክቸር አካሄድ ይዘው ስለሚመጡ ነው የሚወድቁት።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

መስከረም አለፈ። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ቅጥር ያበቃል ብለው ብዙዎች እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ እሷም እንዲሁ ነበረች። ነገር ግን መምህራን የተሻለ ሲያገኙ የሚለቁት፣ የወሊድ ፈቃድ የሚወጡት፣ የመንግሥት ምደባ ደርሷቸው የሚሄዱት ከጥቅምት በኋላም ነው። በዚያን ጊዜ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ የሚመርጠው ዝግጁ የሆነውን ሰው ነው። አመልካቿን ወደዚህ የመለሳት ቀደም ብሎ ያስተማራት መምህር ነው። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ዲግሪሽን ሳይሆን ፔሬዳቸውን ጠይቂ» አላት።

ማመልከቻው እንደገና ተጻፈ። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦ «በ7ኛና 8ኛ ክፍል ጄኔራል ሳይንስ እንዲሁም በ9ኛና 10ኛ ክፍል ፊዚክስ ለማስተማር አመለክታለሁ። የ7ኛ ክፍል ጄኔራል ሳይንስ የተማሪ መጽሐፍንና የመምህር መምሪያን አንብቤ የአንድ ምዕራፍ ሳምንታዊ ዕቅድ አዘጋጅቼ አያይዣለሁ። በተጠራሁ በማግሥቱ ሥራ መጀመር እችላለሁ።» ስለ ታታሪነት የሚያወራው ሁሉ ወጣ። ቱቶሪንጉ ገባ፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ተማሪ፣ የትኛው ክፍል የሚለውን ጨምሮ።

ዕቅዱን የሠራችው በኢንተርኔት በነጻ ከሚገኙት የመማሪያ መጽሐፎች ነው። የባዮሎጂው ክፍል ከ10ኛ ክፍል ወዲህ ያልነካችው ስለነበር ሁለት ሳምንት ያህል ወስዶባታል። ይህን ሥራ አስቀድሞ መሥራት ያስፈልጋል፤ ጄኔራል ሳይንስ አስተምራለሁ ያለ የፊዚክስ ምሩቅ ስለ ሴል ክፍሎች ተጠይቆ ሲደናገር ማመልከቻው ባዶ ተስፋ እንደነበር ይታወቃል።

የቋንቋው ጉዳይ ላይ ሲቪው ቀድሞ «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞ፦ በጣም ጥሩ» ይል ነበር። አሁን «አፋን ኦሮሞ፦ ንግግር ጥሩ፣ ጽሑፍ በመማር ላይ» ሆነ። ያመለከተችባቸው ትምህርት ቤቶች ጄኔራል ሳይንስን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ቢሆንም ብዙው ወላጅ ስብሰባ ላይ የሚያወራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ጥያቄው አይቀርም።

በመንገድ ላይ አንድ የሰነድ ችግር ብቅ አለ። የአያቷ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የ12ኛ ክፍል ካርዷና ጊዜያዊ ዲግሪዋ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ፋይዳዋ ላይ በአንድ ፊደል ይለያል። ስህተቱ የተፈጠረው ፋይዳ ሲመዘገብ ስለነበር የተስተካከለው ፋይዳው ነው። ደመወዝ በባንክ ስለሚገባና ግብርና ጡረታ በስም ስለሚመዘገብ እንዲህ ያለው ልዩነት ከቅጥር በፊት ቢስተካከል ይሻላል። በየትኛው ሰነድ እንደሚጀመር ለሚጠይቅ፦ ከሌሎቹ የተለየው ይታረማል፤ ሁለት ትክክል ሰነድ አንድ የተሳሳተውን እንዲመስል አይለወጥም።

## ሁለተኛው ዴሞ፦ እንቁላሉ

በኅዳር አንድ ትምህርት ቤት የጄኔራል ሳይንስ መምህርቱ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ጠራት። ማመልከቻዋን ለጥበቃ አልሰጠችም፤ የትምህርት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ገብታ «የ7ኛ ክፍል ምዕራፍ ዕቅድ አያይዣለሁ፣ ቢያዩልኝ» ብላ በእጅ ሰጥታ ነበር።

መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና ነበር። አንዱ ጥያቄ «ተማሪ ትልቅ ነገር ይሰምጣል፣ ትንሽ ነገር ይንሳፈፋል ብሎ ጻፈ፤ ምን ትመልሺለታለሽ?» የሚል ነው። «ስህተት ነው» ብቻ ብሎ ያለፈ መልስ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። እሷ ትልቅ ግንድ ተንሳፍፎ ትንሽ ምስማር እንደሚሰምጥ አንስታ፣ ተማሪው ራሱ ሐሳቡን እንዲያስተካክል የሚያደርግ ጥያቄ ጻፈች።

ዴሞው ከዚያው ርዕስ ቀጠለ፦ እፍጋት (ዴንሲቲ)፣ ማለትም ክብደት ለመጠን ሲካፈል። ያዘጋጀችው ነገር ይህ ነው፤ ተቆርጠው አፋቸው የሰፋ ሁለት የግማሽ ሊትር የውኃ ላስቲክ፣ በእያንዳንዱ 300 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ሁለት እንቁላል፣ በአንዱ ውኃ ውስጥ ለመጨመር ሦስት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፣ እና ከፋርማሲ የተገዛ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ። ለዚህ መጠን ውኃ ከ40 እስከ 50 ግራም ጨው ትኩስ እንቁላልን ያንሳፍፋል።

ቤት ውስጥ ስትሞክረው ሁለት ነገር ተበላሽቶባት ነበር። ከጅማው መርካቶ የገዛችው አንዱ እንቁላል በንጹሑ ውኃም ተንሳፈፈ። እንቁላል ሲቆይ ከውስጡ ውኃ በቅርፊቱ እየተነነ አየር ይተካዋል፤ ክብደቱ ይቀንሳል፣ መጠኑ እንዳለ ይቀራል፣ እፍጋቱም ከውኃ በታች ይወርዳል። ክፍል ውስጥ ይህ ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ እዚያው ያበቃ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም እንቁላል አስቀድማ በውኃ ፈትና የሰመጡትን ብቻ ያዘች። ሁለተኛው ችግር ጨው ነው፤ ሻካራው ጨው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለመሟሟት ጊዜ ይወስዳል፣ እስኪሟሟ መምህሩ ዝም ብሎ ያማስላል። በደቃቁ ተካችው።

15 ደቂቃውን ስትከፍለው ለግምት ሁለት ደቂቃ ሰጠች፤ እጃችሁን አውጡ፣ ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል። ለሙከራው አምስት፣ ለስሌቱ አራት፣ ለልምምድ ጥያቄ ሦስት፣ የቀረው አንድ ደቂቃ ለመዝጊያ። ሰሌዳውን አስቀድማ ለሦስት ከፈለችው፤ ግራው ቃላትና ቀመር፣ መሐሉ ልኬት፣ ቀኙ የልምምድ ጥያቄ። ምንም አላጠፋችም።

አንዱ ገምጋሚ እንደ አስቸጋሪ ተማሪ «ቲቸር፣ ጨው ነው የሚገፋው?» አለ። መልሱን ከመስጠት ይልቅ «በስኳር ብናደርገውስ?» ብላ ጥያቄውን ወደ ክፍሉ መለሰች። ስኳርም ያንሳፍፈዋል፤ ከጨው እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል እንጂ። ተጠሪው እንደነገረን ቅጥሩ የተወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ያልተሳካም ነበር። እንቁላሉን ከቅመም ነጋዴ ሚዛን ላይ 55 ግራም መዝናዋለች፤ ሞልቶ ከፈሰሰው ውኃ በሲሪንጅ መጠኑን 51 ሚሊ ሊትር አግኝታለች። ሰሌዳ ላይ እፍጋቱን 1.0784 ብላ ጻፈች። ሚዛኑ የሚቆጥረው በ5 ግራም ነው። በዚህ ሚዛን እውነተኛው ክብደት ከ52 ተኩል እስከ 57 ተኩል የትም ሊሆን ስለሚችል አራት የአስርዮሽ ቦታ ትርጉም የለውም፤ 1.1 ማለት ይበቃ ነበር። ተጠሪው ይህን ከዴሞው በኋላ ነገራት። የካልኩሌተርን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ የተማሪ ብቻ ልማድ አለመሆኑን የሚያሳይ ነው።

## ውሉ

የተሰጣት ቦታ የተተኪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለጊዜው በፈቃድ የተለየን ሠራተኛ ለመተካት የተወሰነ ጊዜ ውል ይፈቅዳል። ስለዚህ ውሉ የሚያበቃበት ቀን መጻፉ ስህተት አይደለም። ሌሎች ሦስት ነጥቦች ግን ውይይት ፈልገዋል።

አንደኛው የሙከራ ጊዜ ነው። ረቂቁ «ሦስት ወር» ይል ነበር፤ አዋጁ የሚፈቅደው ከ60 የሥራ ቀናት ያልበለጠ ነው። ሥራ አስኪያጇ ሳታንገራግር አስተካከለችው። ቃሉን ከድሮ ውል ገልብጠው እንጂ ሆን ብለው እንዳልጻፉት ገልጻለች፤ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ደመወዝ ነው። በቃል የተነገራት 7,500 ብር ነበር፣ እሷም እጅ የሚገባ መስሏት ነበር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፤ ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600 ብር፤ የቀረው 500 በ25 በመቶ 125 ብር። ድምሩ 1,025 ብር ግብር። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 525 ብር። እጅ የሚገባው 5,950 ብር ነው። ልዩነቱን ከመፈረም በፊት ማወቅ በመጀመሪያው ወር ደመወዝ ቀን ከመጣላት ያድናል። ቋሚ ቦታ ለሚፈርም ሰው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ይከፈላል ወይ የሚለው ከወር ደመወዙ ቁጥር በላይ ያመዝናል፤ በዓመት 10 ወር የሚከፈለው 7,500 በ12 ወር ሲካፈል 6,250 ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ ትምህርት ቤቱ ጊዜያዊ ዲግሪዋን ዋናውን በመያዣነት ጠየቀ። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት መምህራን ምዕራፍ መሐል ጥለው ሄደዋል። ለእሷ ግን ያ ወረቀት አንድ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የወጪ መጋራት ዕዳውን እስኪከፍል ዋናው ዲፕሎማና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ስለማይሰጠው፣ ጊዜያዊው በሌላ ሰው መሳቢያ ከገባ ለሌላ ሥራ መመዝገብ አይችልም። «ዋናውን አይተው ያመሳክሩ፣ ኮፒው ላይ ይፈርሙበት፣ ዋናውን ይመልሱልኝ፤ በምትኩ ዋስ አመጣለሁ» አለች። አጎቷ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ይዞ ፈረመላት። ለመልቀቅ ብትፈልግ ሕጉ የሚጠይቀውን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንደምትሰጥና የጀመረችውን ምዕራፍ የማርክ ዝርዝር ይዛ እንደምታስረክብም በጽሑፍ ጨመረችበት። ተጠሪው እንደሚለው ሥራ አስኪያጇን ያረጋጋት ከዋሱ ይልቅ ይህ የማርክ ዝርዝር ነው፤ ቀደም ብለው የሄዱት ሁለቱ ጥለውት የሄዱት ትልቁ ራስ ምታት ያ ነበርና።

## ለሌሎች አመልካቾች የሚሆነው

የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ ወይም የባዮሎጂ ምሩቅ ለግል ትምህርት ቤት ሲያመለክት 7ኛና 8ኛ ክፍልን ካልጠቀሰ ያለው ዕድል ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ይህ ቁጥር የኛ ግምት እንጂ ጥናት አይደለም፤ ሦስቱም የጠየቅናቸው ሰዎች ግን ከዚህ የከፋ ነው ብለዋል። የቋንቋ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ምሩቅም ያንኑ ጥያቄ በራሱ ትምህርት ይጠይቅ፦ በዚህ ትምህርት ቤት ለአዲስ ሰው የሚተርፈው ፔሬድ የቱ ነው? መልሱ የሚገኘው በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ሳይሆን እዚያው ከሚያስተምር ሰው ነው።

ለዴሞ ርዕስ እንዲመርጥ የተፈቀደለት ሰው የሚያውቀውን ከባዱን ሳይሆን በእጅ የሚዳሰስ ነገር ያለውን ይምረጥ፤ ሙከራ ካለበት ደግሞ በዚያው ዕቃ፣ በዚያው መጠን ቤት ውስጥ ይሞክረው። ሙከራ የሌለበት ትምህርት ላይም ሰሌዳውን አስቀድሞ መከፋፈል አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል።

የመንግሥት ማስታወቂያ ለሚከታተል አማርኛ ተናጋሪ፣ የቤክሲሳውን ፎቶ ሳይሆን ወረቀቱን ራሱን ቆሞ ማንበብ፣ የማይገባውን መስመር እዚያው ካለ ሰው ማስነበብ ይገባዋል። በቁቤ መጻፍ መማር ለጅማ መምህር የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም።

ተተኪ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ውሉ ከማለቁ አንድ ወር በፊት የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ይጠይቅ። ደብዳቤው «በመምህርነት አገልግላለች» ብቻ ካለ ለቀጣዩ ቀጣሪ ብዙ አይናገርም። የትምህርቱ ዓይነት፣ ክፍሉ፣ የሴክሽኑ ብዛት፣ በሳምንት የያዘችው ፔሬድ፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለው ተጽፎ፣ ማህተምና ፊርማ ያረፈበት መሆን አለበት። በዚህ ጉዳይ ያለችው መምህርት ረቂቁን ራሷ ጽፋ ለፊርማ አቅርባለች፤ ጄኔራል ሳይንስ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል፣ በሳምንት 24 ፔሬድ።